መልስ ሳይመጣ የተጠጣ ሻይ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ኮሮና ከመምጣቱ በፊት ነው ስል ሐሰን፣ «ኧረ ጋሼ፣ ማስክህን ጺምህ ላይ አንጠልጥለህ አልነበር እንዴ!» ይለኛል። እሺ፣ ከኮሮና በኋላ ነው ስል ደግሞ ጀማል፣ «ያኔማ አሮጌዋን መኪና ሸጫለሁ፤ መካ የሄድነው በአሮጌዋ ነው» ብሎ ያፈርስብኛል። እኔ የማስታውሰው ሙቀቱን ብቻ ነው፤ የጅዳ ሙቀት ደግሞ ለምስክርነት አይሆንም፣ ሁልጊዜም ያው ነው። ስለዚህ ዓመቱን ተዉልኝ። የዚያን ቀን ያልጠጣኋቸውን ሻዮች ግን አንድ በአንድ እቆጥርላችኋለሁ።

ያልጠጣኋቸውን ነው ያልኩት። የጠጣኋትን አንዲቷን ኋላ እደርስባታለሁ።

እኔ ትምህርት የለኝም። ቁርኣን ቤት ገብቼ ትንሽ ቁርኣን ቀርቻለሁ፤ ከአስኳላው ጋር ሁለተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተሰነባብተናል። የተማርኩት ሻይ ነው። ጅዳ ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሻይ አፍልቻለሁ። አሁን ሥራውን ትቼ ሂንዳዊያ ባለችው አንዲት ክፍሌ ለራሴ አፈላለሁ። ለአርባ ሰው የለመደ እጅ ለአንድ ሰው መመጠን አቅቶት፣ ዛሬም የጎረቤት በር እያንኳኳሁ «ሻይ ተርፎኛል» እላለሁ። ጎረቤቶቼ የየመንም የሱዳንም ሰዎች ናቸው፤ ተርፎኛል ማለቴ ውሸት እንደሆነ ያውቃሉ፤ አውቀውም ይጠጣሉ።

ሰውን የማውቀው በሻዩ ነው። የመሥሪያ ቤታችን አለቃ፣ ሙዲሩ፣ ቀዩን ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣ ነበር፤ ፊቱም እንደሻዩ ነበር። ግብፃዊው ሒሳብ ሹም እንደ ቀለም ጠቁሮ፣ ስኳሩ ከታች እንደ አሸዋ ተኝቶ ካላየ አይነካም። ፓኪስታናዊው ሾፌር ወተቱን ሦስት ጊዜ ካላፈሉለት ያኮርፋል። ወጣቶቹ ደግሞ ያቺ በክር የታሰረችዋን ያመጣሉ። ሻይ እንደ ፍየል በገመድ ታስሮ ውሃ ሲወርድ ባየሁ ቁጥር ዓይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ። ታስሮ የፈላ ነገር ምን ይጣፍጣል? እኔ ልጅ ሆኜ ወሎ፣ ኩታበር ላይ፣ አክስቴ ገበያ ቀን የምትሸጠው ሻይ በጢስ በጠቆረ በራድ ውስጥ እንደልቡ ይገላበጥ ነበር። ግን ይህን ልተወውና ወደ ነገሬ ልመለስ።

ነገሩ የጀማል ነው። አባቱ፣ አላህ ይዘንለትና፣ አብረን ባሕር የተሻገርን ጓደኛዬ ነበር። ልጁ ተምሮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ሆነ። ጎበዝ፣ ጨዋ፤ አንድ ጉድለቱ ሻይ በወረቀት ኩባያ መጠጣቱ ነው። ይህ ልጅ ሰልማ የምትባል ልጅ ወደደ። ሰልማ ጅዳ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ቤተሰቧ መካ ነው። ቅድመ አያቷ ከወሎ ለሐጅ መጥተው በዚያው ቀሩ፤ ልጆቻቸው መካ ተወልደው፣ መካ አርጅተው፣ እስከዛሬ እንደኔ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ፣ የሚያሳድሱ ሰዎች ናቸው። አባቷ አቡ ያሲን ይባላል።

ጀማል መጀመሪያ በጓደኛው በኩል ስልክ አስደወለ። አቡ ያሲን አንድ ቃል ብቻ መለሰ አሉ፦ «ልጅ በስልክ አትጠየቅም።» ስልኩንም ዘጋው። ልጁ ቤቴ መጥቶ ምንጣፌ ላይ ተቀምጦ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ አስቀይሜዋለሁ። ሁለተኛ ካስቀየምኩት ኸላስ፣ ሰልማን አላገኛትም። አባቴ ቢኖር እሱ ይሄድልኝ ነበር።»

«አባቴ ቢኖር» ላለ ልጅ ምን ይባላል? ሽማግሌ ፍለጋ ተጀመረ።

ለዚህ ሥራ የተፈጠረ አንድ ሰው ነበረን፤ ኢንጂነር ግርማ። የመሥሪያ ቤታችን ሰው ነው፣ ሻዩን በቀረፋና በቅርንፉድ የሚጠጣ። አንደበቱ ማር፤ ጅዳ ውስጥ ስንት ጋብቻ አስሯል፣ ስንት ፀብ አብርዷል። ችግሩ ክርስቲያን ነው፤ የመካ መንገድ ለእሱ ግማሽ ላይ ያበቃል። ስለዚህ መሪነቱ ለእኔ ወረደ። እኔ ደግሞ አገሬን በጉብዝናዬ ዘመን ስለተውኩ ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ አላውቅም፤ ሽማግሌነቴ በጺም ብቻ ነበር። አጃቢዬ ሐሰን ሆነ፤ ጉለይል ውስጥ ሱቅ ያለው፣ ካፉ ፊት እጁ የሚናገር ሰው።

ግርማ አስቀምጦ አስተማረን። «ጋሼ፣ ዋናው አፍ ነው» አለኝ።

«ንግግር አልችልም እኮ ኢንጂነር» አልኩት።

«ንግግሩን አይደለም፣ መቅመሱን ነው የምልዎት። 'የመጣንበት ጉዳይ ሳይመለስ እህል ውሃ አንቀምስም' ይላሉ። አንዲት ፉት ካሉ አለቀ! ሽማግሌነትዎ ቀርቶ እንግዳ ይሆናሉ፤ ተጋብዘው ይሸኛሉ። በተለይ እርስዎን የማሳስብዎ...»

«ምን?»

«ሻይ ነዋ!»

ሐሰን ሳቀ። እኔ ተቆጣሁ። «ሠላሳ ዓመት ለሌላ ሰው የቀዳሁ ሰው፣ አንድ ቀን ባልጠጣ እሞታለሁ?» አልኩ። ትልቅ አፍ ትልቅ ዝንብ ይገባበታል።

ሄድን። መካ፣ ሐረም መስጊድ የዐስርን ሶላት ሰገድን፣ ለጀማል ዱዓ አደረግኩ፣ ዘምዘም ጠጣሁ። የግርማ ሕግ ዘምዘምን አይጨምርም ብዬ ነው። ከዚያ ወደ አቡ ያሲን ቤት፣ ተራራ ላይ የተለጠፈ አሮጌ ሕንፃ፣ ደረጃው አያልቅም። ጀማል በወጉ ታች መኪና ውስጥ ቀረ። እኔና ሐሰን እያለከለክን ወጣን።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለን ሰው አይደለም፤ ሽታ ነው። ሄል፣ ዝንጅብል፣ የደረቀ ጽጌረዳ፣ ሌላም ስሙን የማላውቀው። ለካስ አቡ ያሲን የቅመማ ቅመምና የሻይ ቅጠል ነጋዴ ነው! ጀማል ይህን አልነገረኝም። ቢነግረኝ ኖሮ ሌላ ሰው ላኩ እል ነበር፤ ድመትን ሥጋ ቤት ለሽምግልና አይልኩም።

«አህለን! ተፈደሉ፣ ተፈደሉ ያ ዐም!» አለ አቡ ያሲን፤ ግቡ አጎቴ ማለቱ ነው። አማርኛው የአያቶቹ ወሎኛ ነው፣ ግን በዓረብኛ ተለውሷል። ግርማ ሳንቀመጥ ቆመን እንድንናገር ነግሮን ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ደረጃ በኋላ ግን ጉልበቴ ሕጉን ሳያማክር ፍራሹ ላይ ወረደ። ሐሰንም ተከተለኝ። አፍን እንጠብቅ፣ መቀመጡን ማን ያያል ብዬ ተጽናናሁ።

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «የመጣንበት ጉዳይ...»

«ላ፣ ላ!» አለ እጁን ዘርግቶ። «ዐይብ ነው፣ ነውር ነው ያ ዐም። እኔ ቤት ሰው ሻሂ ሳይጠጣ ጉዳዩን አይጠየቅም። በሰላም ጠጡ፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን አውሩ።»

እኔና ሐሰን ተያየን። እኛ ጉዳዩ ሳይነገር አንጠጣም፤ እሱ ሳንጠጣ ጉዳዩን አይሰማም። ሁለት ጨዋ ሰዎች በአንድ በር ላይ «ቅደም፣ አንተ ቅደም» ሲባባሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ሆነ።

መጀመሪያ የመጣው በነዕናዕ፣ በናና ቅጠል፣ ነው። ቅጠሉ አሁን የተቆረጠ፣ ብርጭቆው ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ፤ ቀለሙ እንደ ጥሩ ማር። በዓይኔ ጠጣሁት። ሐሰን ብርጭቆውን በሁለት ጣቱ ገፋ አደረገው። ሻዩ ቆየ፣ ቀዘቀዘ፣ በላዩ ስስ ቆዳ አወጣ። አቡ ያሲን አየና ወደ ጠረጴዛው ዳር አደረገው።

«ነዕናዕ አትወዱም» አለ፣ ራሱ ፈርዶ።

የጣኢፍ ጽጌረዳ አመጣ። ይህን ሻይ እኔ ሠላሳ ዓመት ለሙዲሩ እንግዶች ቀድቻለሁ፤ ለራሴ ግን ጠጥቼው አላውቅም፤ ለእንግዳ ብቻ ነበር የሚፈላው። አሁን እንግዳው እኔ ሆንኩና ተቀዳልኝ፤ መጠጣት ግን አልችልም። ምራቄን ስውጥ ድምፁ ለሐሰን ተሰማው። በክርኑ ጎሸመኝ።

ቀጥሎ አደኒ መጣ፤ በወተት፣ በሄል፣ በቀረፋ ተንተክትኮ የተጠናቀቀ። ሐሰን የሚሸነፈው በዚህ ነው። እጁ ወደ ብርጭቆው ሲሄድ አየሁትና እግሩን ረገጥኩት። ደነገጠና ያልታሰበ ነገር ከአፉ አመለጠው። «ሱከር አለብኝ» አለ።

ሐሰን ስኳር በሽታ የለበትም። ሱቁ ውስጥ ሐላዋ ከመጠቅለያው ጋር የሚበላ ሰው ነው።

አቡ ያሲን ፊቱ በራ። «ወይኔ ወንድሜን! እንዲህ አትሉኝም?» ብሎ ሄደና አረንጓዴ ሻይ ያለ ስኳር አፍልቶ መጣ። «ይኼ ለሱከር ዶክተር ነው!»

አሁን ወደኔ ዞረ። «አንተስ ያ ዐም?»

ውሸት እንደ ጉንፋን ይጋባል። «ጨጓራ አለብኝ» አልኩ።

«ጨጓራ!» አለ ደስ ብሎት። የንሱን የሚሉትን፣ እንስላል ከሚመስል ዘር የሚፈላውን አመጣልኝ፤ ትኩስ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው፣ ሕፃን የሚያስተኛ። ሐሰን ሊያድነኝ ብሎ «ሲመሽ ሻይ ከጠጣን እንቅልፍ እንቢ ይለናል» ሲል ከርከዴ መጣ፤ እንቅልፍ አይከለክልም ተባለ። ወገኖቼ፣ ቅጠል ሻጭ ቤት አይዋሽም! ለየውሸታችን ሁሉ ሱቁ ውስጥ ቅጠል ነበረው። ጠረጴዛው ላይ ስድስት ዓይነት ሻይ፣ አሥር ብርጭቆ ተደርድሮ፣ እኛ መሃል ላይ እንደ ታሰረ ሌባ ተቀምጠናል።

ስልኬ ጮኸ። ግርማ ነው። በሹክሹክታ «ቀመሱ እንዴ?» አለኝ፣ ከጅዳ ሆኖ ሹክሹክታው ለምን እንደሆነ እንጃ።

«አልቀመስንም» አልኩት።

«ጎሽ! በርቱ! እየከበዳቸው ነው ማለት ነው!»

የከበደው ለማን እንደሆነ ስልክ አያሳይም።

ቀና ስል የአቡ ያሲን ፊት ተለውጧል። ሳቁ የለም። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። እኔ ሻይ አፍይ ነኝና ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ያፈላኸውን ሰው ሳይነካው ሲመልስልህ የሚመጣ ፊት ነው። ሙዲሩ አንዳንድ ቀን እንዲያ ያደርገኝ ነበር፤ ወጥ ቤት ገብቼ እጄን እታጠብ ነበር፣ ቆሻሻ እንዳለበት ሰው።

«ያ ዐም» አለ ቀስ ብሎ፣ «አባቴ ይኼን ሥራ ያስተማረኝ በዚህ ቤት ነው። እስከዛሬ ከዚህ ቤት ሻሂ ሳይጠጣ የወጣ ሰው የለም። ልጄን ልትጠይቁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ ያን ልጅም አውቀዋለሁ፣ በስልክ የጠየቀው ነው። አሁን ደግሞ ሽማግሌዎቹ የቤቴን ሻሂ ተጠየፉት። ሻሂዬን ያልወደደ ሰው ዝምድናዬን ምን ያደርገዋል?» ብሎ ተነሣ። «የመግሪብ አዛን ሊል ነው። ያላ፣ በሰላም ሂዱ።»

ልቤ ወደ ደረጃው ወረደች፤ ታች መኪና ውስጥ ወደተቀመጠው ልጅ። ሐሰን እጁ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሕጋችንን ልንገረው ስል ደግሞ «ሻሂ ሳይጠጣ ጉዳይ አይወራም» ያለው ትዝ እያለኝ ተውኩት። የግርማን ሕግ ብጠብቅ ልጁን አጠፋሁት፤ ብጥስም አጠፋሁት።

ያን ጊዜ ከውስጥ ያለው መጋረጃ ተገለጠ። አንዲት አሮጊት ወጡ፣ ጎበጥ ያሉ፣ ነጭ ነጠላ መሳይ ሻሽ ያጣፉ፤ የአቡ ያሲን እናት ናቸው። በእጃቸው ትሪ የለም። አንዲት ብርጭቆ ብቻ፣ በሻሻቸው ጫፍ ይዘዋታል።

እሳቸው ከመድረሳቸው በፊት ሽታው ደረሰ።

ጦስኝ ነው።

ጦስኝ የማታውቁ ካላችሁ፣ የደጋ ሣር ውስጥ የምትበቅል ትንሽ ቅጠል ናት፤ ስትረገጥ ነው የምትሸተው። አክስቴ ኩታበር ገበያ ላይ ሻይዋ ውስጥ የምትጨምረው እሱን ነበር፤ ስኳር ሲጠፋም፣ ሻይ ቅጠሉም ሲጠፋ፣ ጦስኙን ብቻ አፍልታ «ሻይ ነው» ብላ ትሸጥ ነበር፣ ማንም አልተከራከራትም። ጅዳ ከመጣሁ ጀምሮ ያን ሽታ አሽትቼ አላውቅም። የት ሊሸት!

አሮጊቷ አጠገቤ ቁጭ አሉ። ፊቴን አዩት። ብርጭቆዋን ወደ አፌ አስጠጉና፣ «አፈር ስሆን» አሉኝ፣ «አፈር ስሆን፣ አንድ ጊዜ ፉት በልልኝ።»

እስቲ ፍረዱ። ዓረብ በተፈደል ይለምንሃል፣ ተፈደልን ሠላሳ ዓመት ችዬዋለሁ። አፈር ስሆንን ግን ማን ይችለዋል? እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቃል የለመነኝ ሰው አልነበረም። እጄ የኔ አልሆነም። ፉት አልኩ። ከዚያ እንደገና ፉት አልኩ። ከዚያ ብርጭቆዋን ገልብጬ ታቿን አየሁት።

«ጋሼ!» ብሎ ሐሰን ጮኸ። «ጋሼ ጨረስከን! መልስ ሳይመጣ ጠጣህ!»

አቡ ያሲን ቆሞ ቀረ። «የምን መልስ?»

ያን ጊዜ ሁሉን ዘረገፍኩት። የግርማን ሕግ፣ የሐሰንን ሱከር፣ የኔን ጨጓራ፣ ጽጌረዳውን በዓይኔ እንዴት እንደጠጣሁት። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ለጀማል ይሁን ለጦስኙ አላውቅም። አቡ ያሲን ሰማኝና ሳቁ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ግን ነጋዴ ነጋዴ ነው፤ ጺሙን እያሻሸ፣ «ስለዚህ በራሳችሁ ሕግ ያ ዐም፣ ሳልመልስልህ ስለጠጣህ፣ ጉዳይህ ቀረ» አለኝ።

እውነቱን ነው።

«አንተ!» አሉት አሮጊቷ። «ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ፤ ስድሳ የሞላው ሰውዬ እንደ ቁርኣን ቤት ልጅ።

«የሰልማ እናት ስትሞት ልጅቷን ማን አሳደጋት?»

«አንቺ፣ ኡሚ።»

«እንግዲያስ መልሱ የማን ነው?»

አቡ ያሲን ምንጣፉን ማየት ጀመረ።

«እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ ሳቄን አፍኜ ሳያችሁ ነው የዋልኩት። አንተ መካ ተወልደህ ወጉን አታውቀው፤ እኔ አውቀዋለሁ። ለልጄ ልጅ ሲሉ ስንት ሻይ እንደሚታገሱላት ልይ ብዬ ዝም አልኩ። ስድስት ታገሡላት። እኔን ሊያጩኝ የመጡት ሽማግሌዎች ቡና ቢያገኙ ገበያ ላይ ይረሱኝ ነበር! እምቢ የምለውን ሰው በገዛ እጄ አጠጣለሁ? መጀመሪያ እሺ ብያለሁ፣ ከዚያ ነው ያፈላሁት። ሰውዬው የጠጣው ከመልሱ በኋላ ነው። እናንተ አልሰማችሁም ማለት እኔ አልመለስኩም ማለት አይደለም።»

አቡ ያሲን ወደኔ ዞረና ሁለት እጁን ዘረጋ። «እናቴ ከመለሰች እኔ ምን ልጨምር?» አለ። ነገሩን ለማጽናት ፋቲሃ ቀራን። ሐሰን መስኮቱን ከፍቶ ወደ መኪናው እልል አለ፤ ወንድ እልል ሲል መካ ውስጥ እሱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ከመግሪብ በኋላ አቡ ያሲን የቀዘቀዘውን ሁሉ ደፍቶ፣ ከነዕናዑ ጀምሮ እንደገና አፈላልን። ጀማልም መጥቶ በብርጭቆ ጠጣ። እኔ ግን ከአሮጊቷ አልራቅሁም። ጦስኙን አንድ ዘመዳቸው ለዑምራ ሲመጣ ይዞላቸው መጥቶ፣ ለራሳቸው ብቻ ደብቀው ይጠጡት ኖሯል። እሳቸው ከኩታበር ብዙም ከማይርቅ መንደር ነበሩ፤ በልጅነታቸው ተድረው መጡ፣ ከዚያ ወዲያ አልተመለሱም።

«ገበያው ዳር ያለችው ዋርካ አለች?» አሉኝ።

እኔም ከወጣሁ አርባ ዓመቴ ነው፤ ምን አውቃለሁ? «አለች» አልኳቸው።

«ጥላዋስ?»

«እንዳለ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ብርጭቆዬን ሞሉልኝ። የዚያን ቀን ከዋሸኋቸው ውሸቶች ሁሉ፣ ያልተጸጸትኩበት ያ ብቻ ነው።

አሮጊቷ አሁን በሕይወት የሉም። ሰልማና ጀማል ሁለት ወልደዋል፤ ሐሰን ዛሬም ያን ታሪክ ሲያወራ ሻዮቹን ወደ አሥራ አምስት ያደርሳቸዋል፤ ግርማ ደግሞ ሕጌ ነው ያጋባቸው ይላል። ይበል። እኔ ሶላት ጨርሼ እጄን ስዘረጋ የማነሣቸውን አውቃለሁ። ዱዓ ደግሞ ስም ይፈልጋልና፣ የምታደርጉላቸው ካላችሁ ስማቸውን ልንገራችሁ፤ ሐጃ መዲና ናቸው።